«ስንተኛ ወጣህ?»

ከሩጫም ይሁን ከፈተና ለተመለሰ ሰው፣ ገና ውሃ ሳይቀርብለት «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ጠያቂዎቹ አይፈረድባቸውም። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. የሮምን ጎዳና በባዶ እግሩ ጨርሶ አንደኛ ከወጣ ጀምሮ አገሩ ሁለተኛን በሐዘኔታ፣ ሦስተኛን በትዕግሥት ሲመለከት ኖሯል። አራተኛ የወጣ ሯጭማ ስሙ ከዜናው ጫፍ ላይ፣ ከአየር ጠባዩ ትንሽ ቀደም ብሎ ከተነሣለት ዕድለኛ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ፣ 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተጉዞ፣ ፊቱ በአቧራ ተለስኖ፣ ከኮርቻው ለመውረድ ሰው ደግፎት የመጣ ልጅ «ደረጃ የለውም፤ ሁላችንም ጨረስን» ቢል ምን ይባላል? «መጨረሻ ወጥቶ ነው» ይባላል።

ልጁ ግን አልዋሸም። ደረጃ የሌለው የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ አለ፤ «ብሬቬ» ይሉታል። ሕጉን የሚያወጣው ፓሪስ የሚገኘው ኦዳክስ ክለብ ፓሪዚየን ነው። ለጀማሪ የተመደበው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር፣ የተፈቀደው ጊዜ ደግሞ 13 ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ሰው እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ካልደረሰ በሩ ይዘጋበታል። ሲሰላ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባሕር ዳር ውስጥ ዳቦ ሊገዛ የተላከ ልጅ እየዘፈነ የሚነዳው ፍጥነት ነው፤ ችግሩ ዳቦ ቤቱ 200 ኪሎ ሜትር መራቁ ነው። ተጓዡ በየመንገዱ በተመደቡ ጣቢያዎች ካርዱን ማኅተም እያስመታ ያልፋል። ጣቢያው መክፈቻም መዝጊያም ሰዓት ስላለው እጅግ የፈጠነ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የዘገየውን ደግሞ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። በመጨረሻ የሚወጣው ስም ዝርዝር ላይ አንደኛ የለም፤ ጨርሷል ወይም አልጨረሰም፣ አለቀ።

የዚህ ሁሉ አባት ከፓሪስ ተነሥቶ ብሬስት የተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ደርሶ ፓሪስ የሚመለሰው ጉዞ ነው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር፣ በ90 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ1891 ፒየር ዢፋር የተባለ ጋዜጠኛ ለጋዜጣው ማስታወቂያ ብሎ ሲጀምረው ደረጃም ሽልማትም ያለው የለየለት ውድድር ነበር። ሻርል ቴሮን የሚባል ፈረንሳዊ ሦስት ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገብቶ አንደኛ ወጣ። ባለሙያዎቹ ውድድሩን እ.ኤ.አ. ከ1951 በኋላ ተዉት። ሰው እንቅልፍ አጥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ በደመወዝ ማባበል ሲያቅት፣ ያለ ደመወዝ፣ እንዲያውም ገንዘብ ከፍሎ የሚነዳ ሰው ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6,000 በላይ ሰዎች ተሰልፈውለታል። ለመሰለፍም ዝም ብሎ አይመጣም፤ በዚያው ዓመት 200፣ 300፣ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር ጨርሶ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ ኬክ ጋጋሪ ለዚሁ ጉዞ መታሰቢያ ብሎ የብስክሌት ጎማ የሚመስል ክብ ኬክ ሠርቶ ስሙን «ፓሪስ–ብሬስት» አለው። ዛሬ ኬኩን በልተው ብስክሌቱን የማያውቁ ሰዎች ይበዛሉ።

አሁን ይህን ሕግ፣ ይህን ካርድና ይህን ሰዓት ተሸክሞ ጋዝጊብላ የደረሰ አንድ ጀማሪ ብስክሌተኛ እናስብ።

ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣና በላስታ መካከል ያለች ወረዳ ናት፤ ዋና ከተማዋ አስከተማ ነው። አገሩ ሜዳ አይወድም። አንዱ ተራራ ትከሻ ላይ ተወጥቶ «ተገላገልን» ሲባል ወዲያ ማዶ ሌላው ቆሞ ይታያል፤ በመካከላቸው ደግሞ ወንዝ አለ፤ ወንዝ ካለ ቁልቁለት አለ፤ ቁልቁለት ካለ ፍሬን ያስፈልጋል። ኮረኮንቹ ላይ ቁልቁለቱም ዕረፍት አይሰጥም። ብስክሌተኛው ሁለት እጁ ፍሬኑ ላይ፣ ዓይኑ ጠጠሩ ላይ፣ ሐሳቡ እናቱ ጋ ሆኖ ይወርዳል። ዳገቱን ግማሹን ይነዳታል፣ ግማሹን ይገፋታል። መግፋት በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ፓሪስ ላይ ይህን የጻፉት ሰዎች ጋዝጊብላን አይተው ባያውቁም ሳይገምቱ አልቀሩም።

ዳገቱ አናት ላይ ፍየል የሚነዱ አንድ አባት ቆመው ያዩታል እንበል። ጨዋታው በግምት እንዲህ ይሄዳል።

«ልጄ፣ ደኅና ነህ? ማን ሞተብህ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በአገራችን ሰው ይህን ያህል የሚጣደፈው መርዶ ሲደርሰው ነው።

«ማንም አልሞተም አባቴ። ለስፖርት ነው።»

«ይሁን። ስንት ይከፍሉሃል?»

«እኔ ነኝ የምከፍለው።»

አባት ዝም ይላሉ። በትራቸውን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ያዛውራሉ። ብስክሌቷን ከላይ እስከ ታች፣ ልጁንም ከታች እስከ ላይ ያዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማበት፣ «ጠበል ሞክረሃል?» ይላሉ።

ሰውየው አልቀለዱም። የዋግ ሰው ርቀትን የሚያውቀው ለመዝናኛ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ጦርነቱ ከአበርገሌና ከኮረም አካባቢ ያፈናቀለው ሰው ልጁን አዝሎ ሰቆጣ የገባው በእግሩ ነው፤ ድርቁም ከብቱን ይዞ ውሃ ፍለጋ አስኬዶታል። የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 እናጠፋለን የተባለበት የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 የዚህችን ከተማ ስም የያዘውም በምክንያት ነው። እንዲህ ባለ አገር የበላውን ሁሉ ዳገት ላይ አራግፎ ለመምጣት ገንዘብ የሚከፍል ጤነኛ ሲገኝ፣ ቢጠየቅ ሲያንሰው ነው።

ብልህ ብስክሌተኛ ግን ሽማግሌውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳቸው ይችላል፤ «ላሊበላ ልስም ነው» ይበላቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይለወጣል። «እሰይ! ይርዳህ የኔ ልጅ፤ ለእኛም ጸልይልን» ይባላል፤ ውሃ ይመጣል፤ ምናልባት እንጀራም ይከተላል።

ለምን ቢሉ፣ ደረጃ የሌለበትን ረጅም ጉዞ ይህ አገር ከፓሪሱ ክለብ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ቀድሞ ያውቀዋል። ለታኅሣሥ 29 የገና በዓል ምእመናን ከየአቅጣጫው ወደ ላሊበላ ይጎርፋሉ። ብዙዎቹ ቀናትን፣ አንዳንዶቹም ሳምንታትን በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ባዶ እግሩን የሚሄድም አለ። ስንቅ፣ በትር፣ ጋቢ፣ አለቀ። ሲደርሱ የከተማው ሰው እግራቸውን አጥቦ ይቀበላቸዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን «ስንተኛ ገባህ?» ተብሎ የተጠየቀ የለም። ቀድሞ የገባ መኝታ ያገኝ ይሆናል እንጂ ሜዳሊያ አያገኝም። በዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው እንዳረፉ የሚነገርላቸው የተሳላሚዎች አጽም እስከ ዛሬ ይታያል። እነዚያ ሰዎች ለመድረሻ የነበራቸው ፍቅር ጥልቅ ስለ ነበር መመለሻውን ጉዳዬ አላሉትም።

ከተሳላሚ በተለየ ብስክሌተኛውን የሚከነክነው አንድ ነገር አለ፤ ካላማዳሪ። ቆላው ላይ የግራር እሾኽ ለጎማ ምሕረት የለውም፤ ጎሚስታው ደግሞ ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ ጀማሪው መንፊያ፣ ማስቲሽና መጠባበቂያ ካላማዳሪ ይዞ ይወጣል። ቴሮን እ.ኤ.አ. በ1891 ሲያሸንፍ ከረዱት ነገሮች አንዱ በቀላሉ ከቸርኬው የሚወልቅ የሚሽለን ጎማ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጎማ መጠገን ግማሽ ቀን ይፈጅ ስለ ነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጋዝጊብላ የጎማ ጥገና ከዚያ ይፈጥናል። ሥራው ግን በሃያ ሕፃናት ተከብቦ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ጮክ ተብሎ እየተተነተነ፣ አንዱ መንፊያውን «እኔ ልንፋ» እያለ የሚከናወን ሕዝባዊ ጉባኤ ነው።

ሆድን በተመለከተ አገሩ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች ረጅም ርቀት የሚነዳ ሰው በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ይመክራሉ። በ13 ሰዓት ወደ 800 ግራም ይደርሳል። ፈረንጆቹ ይህን በትንንሽ ከረጢት በታሸገ ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር ይሞሉታል፤ እዚህ ግን በሶ አለ። የተቆላ የገብስ ዱቄት ሦስት አራተኛው ያህል ካርቦሃይድሬት ስለሆነ አንድ ኪሎ በሶ የቀኑን ስንቅ ሸፈነ ማለት ነው። በውሃ ይበጠበጣል፤ የዋግ ማር ከተጨመረበት ከታሸገው ሁሉ ይበልጣል። በጾምም ቢሆን ችግር የለውም፤ ገናን አስቀድሞ በሚመጣው የነቢያት ጾም ላይ የሚነዳ ሰው ሕሊናውም እግሩም አይወቅሰውም። የበሶ ጉድለቱ አንድ ነው፤ ደረቁን ጨብጦ አፉ የሞላ ሰው ሰላምታ መመለስ አይችልም። በጋዝጊብላ መንገድ ላይ ደግሞ ሰላምታ ቤተሰብን፣ ከብትን፣ አዝመራንና ዝናምን ጠይቆ ነው የሚያልቀው። ብስክሌተኛው ወይ ይታፈናል፣ ወይ ባለጌ ይባላል።

አካልስ? መጀመሪያ የሚያምፀው እግር ይመስላል፤ ግን እግር ታማኝ ነው። የሚከዳው እጅ ነው። መዳፍ መሪው ላይ ሰዓታት ሙሉ ሲጫን፣ በመዳፉ ግርጌ በኩል ወደ ጣት የሚያልፈው ነርቭ ይታፈናል፤ ኮረኮንቹም በየደቂቃው ይቀጠቅጠዋል። ከቀትር በኋላ ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች፤ ቀጥሎ የቀለበት ጣት ይከተላታል። ሰውየው ይህን የሚያውቀው ምሳ ላይ ነው። እንጀራውን ሊቆርስ እጁን ይዘረጋል፤ ሦስት ጣት ይታዘዛል፣ ሁለቱ እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ። ጉርሻው ተጠቅልሎ ሳያልቅ ወጡ በአንጓው ላይ ይወርዳል። የሸሚዙን ቁልፍ ለመክፈት ጭራሽ ሰው ይጠራል። አንዳንዱ ላይ ይህ ለሳምንታት ይቆያል።

አንገት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 አራት አሜሪካውያን አገራቸውን ከምዕራብ ጠረፍ እስከ ኒው ዮርክ ሳያቋርጡ በብስክሌት ለመሻገር ተወዳደሩ፤ ሎን ሃልደማን አሥር ቀን ሳይሞላው ጨርሶ አሸነፈ። ከአራቱ አንዱ የነበረው ማይክል ሸርመር በዓመቱ ሲደግመው የአንገቱ ጡንቻ ጨርሶ አልታዘዝ ብሎት ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ አቃተው። ሕመሙ ዛሬ «የሸርመር አንገት» ይባላል። ሰው ስሙን የሚያስጠራበት መንገድ ብዙ ነው። በ200 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ይህ አይመጣም፤ የጀማሪ አንገት ቢበዛ በማግሥቱ ጎረቤቱን ለማየት መላ ሰውነቱን ይዞ እንዲዞር ያስገድደዋል።

ስለ መቀመጫ በጨዋ ፊት ብዙ አይወራም። ባጭሩ፣ የብስክሌት ቁምጣ ከታቹ ትራስ የተሰፋበት ነው፤ ከሥሩ ሌላ ነገር አይለበስም፤ ቅባትም ይቀባል። ይህን ሳያውቅ ወፍራም ጂንስ ለብሶ የወጣ ሰው እራቱን ቆሞ ይበላል።

ስለ አየሩ ግን አንድ መልካም ወሬ አለ። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የመረጠው ቦታ ሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር ለብስክሌት መንገድ ስለሚለቅ። ሰቆጣም የምትገኘው በዚያው ከፍታ ገደማ ነው። ስለዚህ በጋዝጊብላ አየሩ «እለፍ» ይላል። የማያሳልፈው ተራራው ነው።

ኢትዮጵያዊ በብስክሌት ረጅም መንገድ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። የጎዳናው ርቀት 187 ኪሎ ሜትር ከ730 ሜትር ነበር፤ ለብሬቬ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎደለው እንጂ ሌላ ምንም አልጎደለውም። ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረሰ። በዚያው ሜልቦርን ማሞ ወልዴ የሚባል ወጣትም በአጭርና በመካከለኛ ርቀት ሮጦ ሜዳሊያ ሳያገኝ ተመልሷል፤ ከ12 ዓመት በኋላ ግን ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ወርቅ አመጣና ስሙ ከሕዝቡ አፍ አልጠፋም። ገረመውም ደገመ፤ በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ ተሰለፈ። የትኛው ሮም? ያው የአበበ ሮም። እስቲ አንድ ሰው «ያን ጊዜ ሮም ላይ ብስክሌተኞቻችን እንዴት ሆኑ?» ብሎ ሲጠይቅ የሰማ አለ?

ሌላው ጽጋቡ ግርማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በላምፕሬ–ሜሪዳ ቡድን ተሰልፎ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ የዚያ ዓመት መንገድ በ21 ቀን ውድድር 3,529 ኪሎ ሜትር ነበር። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። በዚያው ቱር፣ ሐምሌ ላይ፣ ናይሮቢ የተወለደው እንግሊዛዊው መሪ ክሪስ ፍሩም ሞንት ቫንቱ ዳገት ላይ ከሞተር ብስክሌት ጋር ተጋጭቶ ብስክሌቱ ስትሰበርበት ጥሏት በብስክሌት ጫማው ዳገቱን ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። ኢትዮጵያዊው ሯጭ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ይነዳል፤ ኬንያ የተወለደው ይነዳል ተብሎ ሲጠበቅ ይሮጣል። ቱሩን ያሸነፈውም ፍሩም ነው።

ከውጭ የሚመጡትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ለዓመታት ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ተጓዦቹ ስለ እኛ አገር ሲያወሩ ሁለት ነገር አይረሱም፤ ዳገቱንና በየመንገዱ «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚከተሏቸውን ልጆች። እዚያ ጉዞ ላይ ውድድርም አለ፤ የሚከበረው ማዕረግ ግን አንዲት ስንዝር እንኳ በመኪና ሳይጫኑ መንገዱን በሙሉ በብስክሌት የጨረሱት የሚያገኙት ነው። ካይሮ ተነሥቶ ሰላሳ ኪሎ ሜትር መኪና ላይ የወጣ ሰው፣ አንደኛ ቢሆን እንኳ፣ ያን ማዕረግ አያገኝም።

ይህ ስሌት ለእኛ ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነው ለማለት አይቻልም። ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር 10,000 ሰው ተሰልፎለት ኃይሌ ገብረሥላሴ አንደኛ ወጣ። ከቀሩት 9,999 ሰዎች ብዙዎቹ ግን እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩና ፎቶ እየተነሡ ነው የጨረሱት። አንዳንዱ መሐል ላይ ቡና ጠጥቷል። ስለ ደረጃው ቢጠየቅ «ከኃይሌ ጋር ሮጫለሁ» ይላል፤ ሐሰትም አይደለም።

ወደ ጀማሪው እንመለስ። ማታ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሩ ሊዘጋ ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ካርዱ የመጨረሻ ማኅተሙን አገኘ እንበል። ከቀትር በኋላ ዳገቱ መሐል ላይ «ይቺን ብስክሌት ነገ እሸጣታለሁ» ብሎ በሰማዕታት ስም ምሏል። በማግሥቱ ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ዞሮ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። በሁለተኛው ቀን ሁለቱ ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ካርዱን አውጥቶ ያየዋል፤ ከዚያም ቀጣዩን ርቀት ማስላት ይጀምራል። 300 ኪሎ ሜትር፣ 20 ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት ቢነሣ የሚዘጋው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። 400ው በ27 ሰዓት፤ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ቁርስ ይደርሳል። 600ውን ለጊዜው አላየሁም ይላል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት በጋዝጊብላ ሸንተረር ላይ ጅብ የራሱን ጉዞ የሚያጋምስበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ብስክሌቷን ለገዢ ከማሳየት ይልቅ ወደ ገበያ ይወጣና የብስክሌት መብራት ያማርጣል። አንዱን ያነሣል፣ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ዋጋ ያስቀንሳል። በመጨረሻም እንደ ዋዛ፣ «ይሄ መብራት ጅብ ያባርራል?» ብሎ ይጠይቃል።

«ስለ ጅቡ እንጃ ወንድሜ» ይላል ባለሱቁ፣ መብራቱን በጋዜጣ እየጠቀለለ፤ «ዋስትናው ግን ስድስት ወር ነው።»